ሲኒየር ዳኛ ጡረተኛ አይደለም፤ የፌዴራል ዳኛ ለማኅበራችሁ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ጥያቄ፦ «በሜሪላንድ የምንገኝ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ነን። የአንድ አባላችን ጎረቤት የፌዴራል ዳኛ ናቸው፤ አሁን ሲኒየር ሆነዋል፣ ማለትም ጡረታ ወጥተዋል። የቦርድ አባል ልናደርጋቸው እንፈልጋለን። በኖቬምበር የገቢ ማሰባሰቢያ ራታችን ላይም የክብር እንግዳ ሆነው ቢናገሩልን ትኬቱ ይሸጥልናል። በአባላት መካከል የቆየ ጠብም አለን፤ በሽምግልና ቢፈቱልን ደስ ይለናል። ይህን ማድረግ ይችላሉ? ሌላው የግሌ ጥያቄ ነው። ልጄ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት፣ የፌዴራል ዳኛ መሆን ትመኛለች። ከየት ትጀምር? የምትሠራው የበጎ ፈቃድ ሥራስ ይቆጠርላታል?»

ምላሽ፦

ቦርዱ ውስጥ መግባት ይችሉ ይሆናል፤ በማኅበራችሁ ሁኔታ ይወሰናል። ራቱ ላይ መጥተው መብላት ይችላሉ፣ መድረክ ላይ መውጣት ግን አይችሉም። ሽምግልናው ጨርሶ አይሆንም። የልጅዎ በጎ ፈቃድ ደግሞ ይቆጠራል። ይቆጠራል ስል በሰዓት ማለቴ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ «ሲኒየር ሆነዋል፣ ማለትም ጡረታ ወጥተዋል» ያሉትን እናቃና፤ የቀረው ግራ መጋባት ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት 3ኛ አንቀጽ የሚሾሙ ዳኞች የሥራ ዘመን ገደብ የለባቸውም። «መልካም ጠባይ» እስካላቸው ድረስ በወንበራቸው ይቆያሉ፣ ደመወዛቸው አይቀነስም፣ በዕድሜ ምክንያት ውጡ የሚላቸው የለም። ሳይፈልጉ የሚነሡት የተወካዮች ምክር ቤት ከስሷቸው ሴኔቱ ሲፈርድባቸው ብቻ ነው። ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን ተደምሮ 80 ሲሞላ (65 ዓመት ከ15 ዓመት አገልግሎት፣ 66 ከ14፣ እንዲህ እያለ እስከ 70 ከ10) ሁለት በር ይከፈትላቸዋል። አንደኛው ጨርሶ መልቀቅ ነው፤ ሲወጡ የነበራቸው ደመወዝ ዕድሜ ልካቸውን ይከፈላቸዋል። ሁለተኛው ሲኒየር መሆን ነው። ወንበሩ ለአዲስ ተሿሚ ይለቀቃል፣ እሳቸው ግን ጥቂት መዝገብ እየወሰዱ መፍረዳቸውን ይቀጥላሉ። የደመወዝ ጭማሪ እንዲደርሳቸው ደግሞ አንድ መደበኛ ዳኛ በሦስት ወር የሚሠራውን ያህል በየዓመቱ መሥራታቸው መረጋገጥ አለበት። በካንሳስ የነበሩት ዳኛ ዌስሊ ብራውን በ1962 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተሹመው በ1979 ሲኒየር ሆኑ፤ ከዚያም በ2012 በ104 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከችሎት አልተለዩም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ጎረቤታችሁ ሲኒየር ከሆኑ ዛሬም ዳኛ ናቸው፤ የዳኞች የሥነ ምግባር ደንብም ያስራቸዋል። ጨርሰው ለቅቀው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

የትኛው ዓይነት ዳኛ እንደሆኑም ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ ሰው አፍ «የፌዴራል ዳኛ» ሲባል ብዙ ጊዜ የአሳይለም ጉዳይ የሚያየው የኢሚግሬሽን ዳኛ ማለት ነው። የኢሚግሬሽን ዳኛ ግን የፍርድ ቤት ሰው አይደለም፤ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሠራተኛ ነው፣ የሚገዛውም የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ ነው። ማጂስትሬት ዳኛ በዲስትሪክቱ (በመጀመሪያ ደረጃው የፌዴራል ፍርድ ቤት) ዳኞች ለ8 ዓመት ይሾማል። የኪሳራ ጉዳዮች ዳኛ በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለ14 ዓመት ይሾማል። በፕሬዚዳንት ታጭተው በሴኔት የሚጸድቁት የ94ቱ ዲስትሪክቶች ዳኞች፣ የ13ቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ዳኞችና 9ኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው። ለማጣራት ቀላሉ መንገድ የፌዴራል የዳኝነት ማዕከል በድረ ገጹ ያስቀመጠውን የዳኞች የሕይወት ታሪክ መዝገብ መመልከት ነው። ከ1789 ጀምሮ በ3ኛው አንቀጽ የተሾሙት ሁሉ ከነትምህርታቸው፣ ከነቀድሞ ሥራቸውና ሲኒየር ከሆኑበት ቀን ጋር ተዘርዝረዋል። ስሙ እዚያ ከሌለ ሰውየው ሌላ ዓይነት ዳኛ ናቸው።

አሁን ወደ ቦርዱ። የሥነ ምግባር ደንቡ አምስት ክፍሎች አሉት፤ «ካነን» ይሏቸዋል፣ ያው የእኛው ቀኖና ነው። እናንተን የሚመለከተው አራተኛው ነው። ዳኛ ትርፋማ ባልሆነ የበጎ አድራጎት፣ የትምህርት፣ የሃይማኖት ወይም የማኅበራዊ ኑሮ ድርጅት ውስጥ የቦርድ አባል፣ ሹም ወይም ከሕግ ውጭ በሆነ ጉዳይ አማካሪ መሆን ይችላል ይላል። ሁለት ነገር ግን ይከለክለዋል። ድርጅቱ በዳኛው ችሎት ፊት ሊቀርብ የሚችል ዓይነት ክርክር ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም በየትኛውም ፍርድ ቤት አዘውትሮ የሚካሰስ ከሆነ አይሆንም። «በየትኛውም» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ የካውንቲውም ፍርድ ቤት ይቆጠራል። አንድ ጊዜ የተከሰሰ ማኅበር «አዘውትሮ» አይባልም፤ አባላቱ ጠበቃ ይዘው የሚዛዛቱበት ማኅበር ውስጥ ግን አስተዋይ ዳኛ እግሩን አያስገባም። የጠቀሱት ጠብ ከሽምግልናው ይልቅ እዚህ ላይ ነው የሚጎዳችሁ።

ከገቡ በኋላ ማኅበሩ በእሳቸው ፍርድ ቤት ቢከሰስ፣ የተከራካሪው ወገን የቦርድ አባል ስለሆኑ ከችሎት መነሣት ግዴታቸው ነው። ተከራካሪዎቹ «እኛ ተስማምተናል፣ ይቆዩ» ብለው የሚያስቀሩት ዓይነት አይደለም። የቦርድ አባልነታቸውም በየዓመቱ እስከ ሜይ 15 በሚያቀርቡት የሀብትና የጥቅም መግለጫ ላይ ይጻፋል፤ በ2022 በወጣው ሕግ ምክንያት መግለጫው በኢንተርኔት ለሕዝብ ይታያል። የማኅበራችሁ ስም እዚያ ከመግባቱ በፊት ወረቀታችሁ የተስተካከለ ይሁን። ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚቀርበውን ዓመታዊ ቅጽ 990 ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳያስገባ የቀረ ማኅበር ከታክስ ነጻነቱን በሕግ በቀጥታ ያጣል። ብዙ የእኛ ማኅበራት ይህን የሚያውቁት ሌላ ሰው ፈልጎ ሲያገኘው ነው።

መተዳደሪያ ደንባችሁንም ገልጣችሁ አንብቡ። ዳኛ በዘር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ሰውን በሚያገልል ድርጅት አባል መሆን አይችልም። የአንድን ሕዝብ ባህል፣ ቋንቋና ሃይማኖት ለመጠበቅ የተቋቋመ ማኅበር ግን በዚህ አይከለከልም፤ የደንቡ ማብራሪያ በግልጽ ለይቶታል። «ዓላማችን ባህላችንን ማቆየትና መረዳዳት ነው» የሚል ደንብ ያስኬዳል። «የእገሌ አገር ተወላጅ ያልሆነ አይገባም» ብሎ አንድ መስመር የጨመረ ደንብ ግን ዳኛውን ያስደነግጣል፣ መስመሩ በተግባር ባይሠራበትም።

ገንዘቡ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው። ዳኛ የገቢ ማሰባሰቢያ ሲታቀድ ሐሳብ መስጠት ይችላል፣ ስሙም በቦርድ ዝርዝር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከሰው ገንዘብ መጠየቅ ግን አይችልም፤ የሚፈቀድለት ከራሱ ቤተሰብና እሱ ከማይቆጣጠራቸውና በይግባኝ ከማያያቸው ዳኞች ብቻ ነው። በማሰባሰቢያ ዝግጅት ላይ መገኘት ይችላል፤ ተናጋሪ፣ የክብር እንግዳ ወይም በፕሮግራሙ ላይ ስሙ ጎልቶ የሚወጣ ሰው መሆን ግን አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠበቃው፣ የሬስቶራንት ባለቤቱ፣ ታክስ ሠሪው ትኬቱን የሚገዛው ለማኅበሩ ብሎ ነው ወይስ ነገ ጉዳይ ቢኖረኝ ብሎ? መልሱ አይታወቅም፤ ስለማይታወቅ ነው የተከለከለው።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። «ክቡር ዳኛ እገሌ በተገኙበት፣ መግቢያ 100 ዶላር» የሚል ፍላየር ከነፎቶአቸው በቴሌግራም ከተለቀቀ፣ ዳኛው ባያውቁትም እንዲነሣ መጠየቅ ይኖርባቸዋል፤ ያን ዕለት ራቱ ላይም አይመጡም። የማኅበሩ ደብዳቤ ራስጌ ላይ የቦርድ አባላት ስም ሲደረደር «ዶ/ር»፣ «ኢንጂነር»፣ «ዳኛ» እየተባለ ለሁሉም ማዕረግ ከተጻፈ ችግር የለም፤ ያ ደብዳቤ ለልመና ቢውልም እንኳ ይፈቀዳል። የሌላው ስም ባዶውን ቀርቶ የእሳቸው ብቻ በደማቅ «የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ» ከተባለ ግን ደንቡ ተጣሰ። የጎፈንድሚ ሊንክ በስልካቸው ወደ ሰው ቢያስተላልፉ ለመኑ ማለት ነው። ሎተሪና ጨረታም ያው ነው። የምግብ ባንክ ውስጥ ቆመው ካርቶን ቢያሽጉ፣ ልጆች ቢያስጠኑ ግን ማንም አይናገራቸውም፤ ገንዘብ የለበትም።

ስለ ሽምግልናው። በእኛ ባህል የእድሩ ሰብሳቢ እንኳ ዳኛ ይባላል፣ ዳኛ የሆነ ሰው ደግሞ ለማስታረቅ ቢጠራ ክብር ነው። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሕግ በግልጽ ካልፈቀደለት በቀር የፌዴራል ዳኛ ከመደበኛ ሥራው ውጭ አስታራቂ ወይም የግልግል ዳኛ ሆኖ መቀመጥ አይችልም፤ በነጻም ቢሆን። ያስታረቀው ነገር ፈርሶ ፍርድ ቤት ቢመጣ ዳኛው ምስክር ይሆናል፤ ከሁለቱ ወገን የተከፋው ደግሞ «ፌዴራል ዳኛ ፈርዶብኛል» ብሎ ይዞራል። የሕግ ምክር መጠየቅም እንዲሁ አይቻልም። ዳኛ ያለ ክፍያ ሊመክርና ሰነድ ሊያይለት የሚችለው ለቤተሰቡ አባል ብቻ ነው፤ ለእሱም ቢሆን ጠበቃ ሆኖ አይቆምለትም። ለጠባችሁ የሚሻለው በሜሪላንድ ብዙ ካውንቲዎች ያሉት የማኅበረሰብ የሽምግልና ማዕከላት ናቸው፤ በሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ይሠራሉ፣ አብዛኞቹም አያስከፍሉም። ከሁለቱም ወገን የሚታመኑ ሁለት አባቶች ጨምራችሁ ብትሄዱ አማርኛውም ወጉም ይሟላል።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮችን ቶሎ ልለፍ። የሥነ ጠባይ ምስክርነት አትጠይቋቸው፤ ዳኛ በፈቃዱ ለሰው ጠባይ ምስክር ሆኖ አይቀርብም፣ ከችሎቱ ዳኛ ዘንድ ቅጣት እንዲቀልልህ ጻፍልኝ ማለትም ከንቱ ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ልጁን በግል የሚያውቁት ከሆነ ይጽፋሉ። የፓርቲ ዝግጅት፣ የዕጩ ተወዳዳሪ ራት፣ የምርጫ ቅስቀሳ በአምስተኛው ቀኖና ዝግ ነው። ስለ አገር ቤት ፖለቲካ የሚደረግ ሰልፍ ቃል በቃል ባይጠቀስም፣ ባትጠሯቸው ይሻላል። ስጦታን በተመለከተ የምስጋና ሰርተፊኬትና ብዙ ዋጋ የሌለው ማስታወሻ ይቀበላሉ፣ ቡናና ቁርሱም ወግ ነው። ጋቢ ለማልበስ ካሰባችሁ በፊት ለጽሕፈት ቤታቸው ንገሩ፤ መድረክ ላይ አልብሳችኋቸው በማግስቱ በፖስታ ከመመለሱ በስልክ መጠየቁ ይቀላል። ለንግግር የሚከፈል ፖስታ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ «ታዲያ ምን ቀረ?» ይሉኝ ይሆናል። የቀረው ብዙ ነው፤ ለእናንተም ከራቱ የበለጠ ይጠቅማል። ደንቡ ዳኛን ከሕዝብ ለይቶ ለማስቀመጥ የተጻፈ አይደለም፤ ስለ ሕግ መናገርን፣ መጻፍንና ማስተማርን እንዲያውም ያበረታታል።

ጥሩ ምሳሌ ሮበርት ካትስማን ናቸው፤ በኒው ዮርክ የሚገኘው የ2ኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፣ ከ2013 እስከ 2020 ዋና ዳኛው ሆነው መርተውታል። ወደ ፍርድ ቤታቸው የሚመጡ የስደተኞች ይግባኞች በደካማ ጥብቅና ምክንያት ገና ከሥር ተበላሽተው እንደሚደርሱ ስላዩ፣ በ2007 በኒው ዮርክ ከተማ የጠበቆች ማኅበር ቀርበው በዚሁ ላይ ንግግር አደረጉ። ቀጥሎ ጠበቆችን፣ የሕግ መምህራንንና የበጎ አድራጎት ሰዎችን የያዘ የጥናት ቡድን ሰበሰቡ። ከዚያ ሥራ ለታሠሩ ስደተኞች ጠበቃ የሚያቆመው የኒው ዮርክ ፕሮግራም በ2013፣ ወጣት ጠበቆችን እያሠለጠነ ለስደተኞች የሚያሰማራው ኢሚግራንት ጀስቲስ ኮር ደግሞ በ2014 ተወለዱ። ካትስማን በ2021 አረፉ። ልብ የሚባለው አካሄዳቸው ነው፤ ማን ያሸንፍ አላሉም፣ ሰው ሁሉ ደህና ጠበቃ ይኑረው ነው ያሉት። የመጀመሪያው ከዳኝነት ያስወጣል፤ ሁለተኛው የዳኛ ሥራ ነው።

ለእናንተ በቅርብ ያለው ደግሞ የዜግነት ቃለ መሐላ ነው። መሐላው በሁለት መንገድ ይፈጸማል፤ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሹም ፊት ወይም በፍርድ ቤት በዳኛ ፊት። በፍርድ ቤቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ጸሐፊው ችሎቱን ያስከፍታል፣ የመንግሥት ተወካይ ተነሥቶ ከእነዚህ አገሮች የመጡ ይህን ያህል ሰዎች ዜጋ ሆነው እንዲቀበሏቸው ዳኛውን ይጠይቃል። የአገሮቹ ስም ሲጠራ ሰው በየተራ ይቆማል። ዳኛው ጥያቄውን ተቀብያለሁ ይላሉ፣ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ይነሣል፣ መሐላው ይባላል፣ ከዚያ ዳኛው ጥቂት ይናገራሉ። ዳኞች ከሥራቸው ሁሉ ይህን ይወዱታል ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ማንም ተሸንፎ የማይወጣበት ችሎት ነውና። ማኅበራችሁ መዘምራን ቢያቀርብ፣ ሴቶቹ በሐበሻ ቀሚስ ቢመጡ፣ ለመራጭነት ምዝገባ የሚረዱ ሰዎች ከፍርድ ቤቱ ተነጋግረው በር ላይ ቢቆሙ፣ ይህ የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው፣ ዳኛውም ያለ ሥጋት አብረዋችሁ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው በተለይ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ስምን በዜግነት አጋጣሚ መቀየር የሚቻለው መሐላው በዳኛ ፊት ሲሆን ብቻ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሹም ሥልጣን የለውም። የእኛ ስም ራሱ፣ አባትና አያት ተብሎ ስለሚሄድ፣ ፓስፖርት ላይ ሦስቱም በቤተሰብ ስም ቦታ ገብተው የራስ ስም ቦታው «ኤፍ ኤን ዩ» (የራስ ስሙ ያልታወቀ) ተብሎ ቪዛ የተመታበት ሰው ስንት ነው! ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው በየትምህርት ቤቱ ሲያስረዱ የሚኖሩትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ማስተካከል የሚፈልግ ሰው በዜግነት ማመልከቻው፣ በቅጽ ኤን-400 ላይ፣ ስም መቀየር ትፈልጋለህ ወይ ለሚለው አዎ ይበል፣ የሚፈልገውን ስም ፊደል በፊደል አስተካክሎ ይጻፍ፤ በቃለ መጠይቁ ዕለትም የስም ለውጥ ማመልከቻውን ይፈርም። ችግሩ ጊዜ ነው፤ በዕለቱ ሊምል ይችል የነበረ ሰው የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ መጠበቅ ይኖርበታል። የቸኮለ በቃለ መጠይቁ ላይ የስም ለውጡን ትቶ ይምላል፣ ከዚያ በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ከፍሎ ይቀይራል። ያኔ ግን የዜግነት ወረቀቱ በአሮጌው ስም ይቀራል፣ ለማስለወጥ ሌላ ማመልከቻና ሌላ ክፍያ አለበት። ይህን ከመሐላው በፊት ማስረዳት ለማኅበራችሁ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ሌላው ለወጣቶች ነው። 20 ወይም 30 ልጆች ይዛችሁ ችሎት ለማየት ጠይቁ፤ የፌዴራል ችሎት በመሠረቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስለ ጁሪ አገልግሎት (ተራ ዜጎች ተጠርተው በችሎት ስለሚፈርዱበት ግዴታ) ዳኛው እንዲያስረዱ ጋብዟቸው፤ አዲስ ዜጋ የጁሪ መጥሪያ ሲደርሰው ክስ መስሎት የሚደነግጥ ብዙ ነው። የልምምድ ችሎት አዘጋጅታችሁ ልጆች ዐቃቤ ሕግና ተከላካይ ሆነው ይከራከሩ፣ ዳኛው በወንበሩ ይቀመጡ። ጥያቄና መልስ ካለ ግን ሰብሳቢው አስቀድሞ ይንገር፤ በየትኛውም ፍርድ ቤት ያለ ወይም ሊመጣ ያለ ጉዳይ አይጠየቅም። «የወንድሜ የአሳይለም ይግባኝ...» ብሎ የሚጀምር ሰው ከጀመረ ዳኛው ማቋረጥ አለባቸው፣ አዳራሹም ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ልጅዎ። ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራል ዳኝነት ዕድሜም፣ የትውልድ ቦታም፣ የሕግ ዲግሪም አይጠይቅም። ወረቀት ላይ ነው ይህ። በተግባር መንገዱ አራት ዓመት ኮሌጅ፣ የኤልሳት (የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ) ፈተና፣ ሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት፣ የጠበቃነት ፈተና፣ ከዚያ ረጅም ሥራ ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕጩዎችን ሲመዝን ቢያንስ 12 ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ ይጠብቃል። ከመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የሚበልጠው በዳኛ ጽሕፈት ቤት አንድ ወይም ሁለት ዓመት በክለርክነት መሥራት ነው። ክለርክ ሲባል ፋይል አቀባይ አይደለም፤ የክርክሩን ጽሑፍ አንብቦ፣ ሕጉን መርምሮ የውሳኔ ረቂቅ የሚጽፍ ወጣት ሕግ አዋቂ ነው። ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ሕግነት፣ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃነት፣ የግል ጥብቅና ወይም የክፍለ ግዛት ዳኝነት የተለመዱ ናቸው።

ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ በማኅበረሰብ ጥብቅና ወደ ወንበሩ የደረሱ ሴት ናቸው። ከሕግ ትምህርት ቤት ጀምረው ለጥቁር አሜሪካውያን መብት በሚሟገተው የኤን ዶብል ኤ ሲ ፒ የሕግ ክፍል ሠሩ፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተከራከሯቸው 10 ጉዳዮች 9ኙን ረቱ፣ በ1966 የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የፌዴራል ዳኛ ሆኑ። በ1975 አንድ የሴቶች የሥራ መድልዎ ክስ ሲደርሳቸው ተከሳሹ ወገን ሴትና የመብት ጠበቃ የነበሩ ስለሆነ ይነሡልን አለ። ሞትሊ አልተነሡም፤ ጾታ፣ ዘር ወይም የቀድሞ ሥራ ብቻውን የሚያስነሣ ቢሆን ማንም ዳኛ በወንበሩ አይቀርም፣ ሁሉም ጾታም ዘርም አለውና። ልጅዎ «ከሐበሻ ማኅበር ጋር መታየቴ ኋላ ይጎዳኝ ይሆን?» ካለች መልሱ ይኸው ነው።

ሹመቱ ራሱ እንዲህ ይሄዳል። ወንበር ሲከፈት የክፍለ ግዛቱ ሴናተሮች ስም ያቀርባሉ፤ አንዳንዶቹ ማመልከቻ የሚቀበል ኮሚቴ አላቸው። ዋይት ሀውስ ይመርጣል፣ ኤፍ ቢ አይ ያጣራል፣ ፕሬዚዳንቱ ያጫል። ለዲስትሪክት ወንበር ሁለቱ ሴናተሮች «ብሉ ስሊፕ» የሚባለውን ሰማያዊ የስምምነት ወረቀት ካልመለሱ ዕጩው ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ከዚያ የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ይጠይቃል፣ ድምፅ ይሰጣል፤ በመጨረሻ መላው ሴኔት በተራ አብላጫ ያጸድቃል። የዲስትሪክት ዳኛ ደመወዝ በ2025 247,400 ዶላር ነበር። ገንዘብ ፈልጋ ከሆነ በትልቅ የጥብቅና ድርጅት ብትሠራ ይሻላታል።

የበጎ ፈቃዱ ሰዓት የሚገባው የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ለዕጩዎች በሚልከው መጠይቅ ውስጥ ነው። አንዱ ጥያቄ ለተቸገሩ ሰዎች ምን እንዳገለገልሽ፣ ምሳሌ እየጠቀስሽ፣ በእያንዳንዱ ያጠፋሽውን ጊዜ ጭምር ጻፊ ይላል። ሌላው ያሳተምሽውን ሁሉ፣ የተናገርሽበትን መድረክ ሁሉ፣ አባል የሆንሽበትን ማኅበር ሁሉ ይጠይቃል። ከ20 ዓመት በኋላ ይህን ከአእምሮ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምራ አንድ ደብተር ወይም ኤክሴል ትክፈት፤ ቀን፣ ቦታ፣ ምን እንደሠራች፣ ስንት ሰዓት፣ ኃላፊው ማን እንደነበር። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለአረጋውያን የሜዲኬይድ ቅጽ የተረጎመችበት እሑድም ይግባ። ዕጩዎችን የሚጥለው ብዙ ጊዜ የተናገሩት ነገር ራሱ ሳይሆን መጠይቁ ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ ዩቲዩብ ላይ መገኘቱ ነው።

የደኅንነት ማጣሪያውም ለእኛ ልጆች የራሱ ፈተና አለው። ቅጹ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶችን፣ የውጭ ጉዞን፣ በውጭ ያለ ንብረትን፣ ለውጭ ዜጋ የተደረገ የገንዘብ ድጋፍን ይጠይቃል። ለአክስት በየወሩ የሚላከው 100 ዶላር፣ በአያት ስም አዲስ አበባ ያለው ቤት፣ ሁሉም ይጻፋል። ይህ ሹመት አያስከለክልም፤ መደበቁ ነው የሚያስከለክለው። የላከችበትን ደረሰኝ ታስቀምጥ።

ሴናተር የሚያውቅ ዘመድ ከሌላት ደግሞ የማጂስትሬት ዳኝነትን አትናቀው። ወንበሩ በይፋ ይታወጃል፣ ማንም ያመለክታል፣ ነዋሪዎች ያሉበት ዕጩ መራጭ ኮሚቴ ይመዝናል፣ የዲስትሪክቱ ዳኞች ይሾማሉ። ቢያንስ አምስት ዓመት የጠበቃነት ፈቃድ ይጠይቃል። ከማጂስትሬትነት ወደ ዲስትሪክት ዳኝነት የተሻገሩ ጥቂት አይደሉም። ያ ኮሚቴ ውስጥ ሕግ ያልተማረ የማኅበረሰብ ሰው ይፈለጋል፤ ከማኅበራችሁም አንድ ሰው ለኮሚቴው ሊመረጥ ይችላል።

የግብዣው ደብዳቤ ላይ ልጨርስ። በግል ስልክ ወይም በጎረቤት በኩል አይላክ፤ ወደ ጽሕፈት ቤታቸው፣ «ቻምበር» ወደሚሉት፣ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ይዘቱ በአማርኛ ይህን ይመስላል፦

«ማኅበራችን (ሕጋዊ ስም) ከታክስ ነጻ የሆነ የመረዳጃ ማኅበር ነው። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አዳራሽ ለ60 ያህል ወጣቶችና ወላጆች ስለ ጁሪ አገልግሎት የ30 ደቂቃ ማብራሪያ እንዲሰጡልን እንጠይቃለን። መግቢያ በነጻ ነው፤ ገንዘብ አይሰበሰብም፣ ስፖንሰር የለም። ማኅበሩ በአሁኑ ጊዜ በየትኛውም ፍርድ ቤት ክርክር የለውም። ንግግሩ አይቀረጽም፤ ፎቶ የሚነሣው ከፈቀዱ ብቻ ነው። የማስታወቂያውን ረቂቅ አስቀድመን እንልክልዎታለን።»

ክርክር ካለ «የለውም» አትበሉ፤ የመዝገቡን ቁጥር ጻፉላቸው። ለጥበቃ የፌዴራል ማርሻሎች ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ የአዳራሹን በሮችና የሚጠበቀውን ሰው ብዛት ይዛችሁ ቆዩ። የዳኛውን አድራሻ፣ የመኪና ታርጋ ወይም የቤት ፎቶ በግሩፕ ላይ የሚለጥፍ አባል ካለ ወዲያው አስነሡ። በ2020 ኒው ጀርሲ ውስጥ የዳኛ ኤስተር ሳላስ ልጅ ዳንኤል እቤታቸው በር ላይ ተገድሏል፤ የዳኞችን የግል መረጃ የሚጠብቀው የ2022 ሕግ በስሙ የተጠራው ለዚህ ነው።

የጁሪውን ዝግጅት በኖቬምበር ማድረግ ከፈለጋችሁ፣ ከራቱ በተለየ ቀን ያዙትና ደብዳቤው እስከ ኦገስት መጨረሻ ቻምበራቸው ይግባ።